አደራ ሰጪውስ ምን ይባል?

አማርኛ አደራ ተቀብሎ ለካደ ሰው የሚሆን ስድብ አላጣም። «አደራ በላ» ይለዋል። ከዚህ የሚከፋ ስድብ ጥቂት ነው። ሌባ እንኳ ከአደራ በላ ይሻላል፤ ሌባው ቢያንስ «እመኑኝ» ብሎ አልተቀበለም። አደራ ሰጥቶ ለሚክደው ግን ስም አላወጣንለትም። ያላወጣንለትም እንዲህ ያለ ሰው ይፈጠራል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ይመስለኛል። ድሮ ከብቱን፣ ወርቁን፣ ልጁን ለሰው አስረክቦ የሚሄደው ሰጪው ነበርና የሚሰጋውም እሱ ነው። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ግን ነገሩ ከተገለበጠ ዓመታት አልፈዋል። እዚያ መንገደኛው ተቀባዩ ነው። ሰጪው «አደራ!» ብሎ፣ ጉንጭ ስሞ፣ በመጣበት ታክሲ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል።

እኔ የምኖረው ገርጂ ነው። ገርጂም ይሁን ሰሚት፣ ሲኤምሲም ይሁን አያት፣ አንድ ሰው «ሊወጣ ነው» ተብሎ የተሰማ እንደሆነ ቪዛው ሳይመታለት የዕቃው ወረፋ ይጀምራል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ ቅቤ፣ የአበሻ ቀሚስ፣ ለአራስ የሚሆን የገንፎ እህል። የተፈቀደልህን ሃያ ሦስት ኪሎ ካንተ ይልቅ ጎረቤትህ አሳምሮ ያውቀዋል። እስከዚህ ድረስ ይሳቅበታል፤ እኔም ስቄበታለሁ። የማልስቅበት ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዓመት እረፍቴን ወስጄ ለስድስት ቀን ዱባይ ሄጄ ነበር። ንግድ የለኝም፣ የምጠይቀው ዘመድም የለኝም፤ ሕንፃ ልይ፣ ባሕር ዳር ልቀመጥ ብዬ ነው። ቦሌ መግቢያው በር ላይ፣ ለመጀመሪያው ፍተሻ ሻንጣችንን እየገፋን ተሰልፈን ሳለ ነጠላ ያጣፉ አንዲት ሴትዮ መጡ። በፕላስተር ግጥም ተደርጋ የተጠቀለለች ካርቶን ይዘዋል። «ጋሼ፣ እባክዎ፣ ይቺን ብቻ ይያዙልኝ። በርበሬና ሽሮ ናት። የእህቴ ልጅ እዚያው በር ላይ ትቀበልዎታለች» አሉኝ። ይቅርታ፣ የማላውቀውን ዕቃ አልይዝም አልኳቸው። ለመኑኝ። እንግዲያው ተከፍታ ልያት አልኩ። «አሁን ይቺ ተከፍታ ማን ያሽጋታል?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

እሳቸው ዝም አሉ፤ ሰልፉ ግን ዝም አላለም። ሱፍ የለበሰ አንድ ጎልማሳ፣ እኔን ሳያይ ግን እኔ እንድሰማ አድርጎ፣ «ወይ ዘመን! ሐበሻ ለሐበሻ እንዲህ ሆነ?» አለ። አንዷም «ገና አውሮፕላኑ ሳይነሳ ፈረንጅ ሆኑ» ብላ ተቀበለችው። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ይኼኔ ከኋላችን የነበረች፣ ከሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት የማትበልጥ ልጅ «እኔ ልያዝልዎት እማማ» አለችና ካርቶኗን ተቀበለች። ሴትዮዋ መረቋት። ሰልፉም መረቃት። እኔ ቀና ብዬ ለማየት እንኳ አፈርኩ። ምን አድርጌ? ምንም!

ዱባይ ሻንጣችንን ተቀብለን ወደ ጉምሩኩ ፍተሻ ስንደርስ ልጅቷን ለብቻ ወሰዷት። ካርቶኗ ብረት ጠረጴዛ ላይ ወጣች። አንዱ ፖሊስ ፕላስተሩን በቢላ ሲቀደው ልጅቷ ዞር ዞር እያለች የሰው ፊት ትፈልግ ነበር። ያ ሱፍ ለባሽ ጋሪውን እየገፋ፣ ዓይኑን ግድግዳው ላይ እንዳደረገ፣ በጎኗ አለፈ። «ሐበሻ ለሐበሻ» ያለው ሰውዬ ማለቴ ነው። እኔ ጠጋ ብዬ በምችለው እንግሊዝኛ ካርቶኗ የሷ እንዳልሆነች፣ ስትቀበልም እንዳየሁ ነገርኳቸው። ፓስፖርቴን ተቀበሉኝ። ሁለት ሰዓት ያህል አንድ ወንበር ላይ አስቀምጠው ልጅቷን ከመቼ ጀምሮ እንደማውቃት፣ ሴትዮዋን እንደማውቃቸው፣ ካርቶኗን ለምን እኔ እንዳልያዝኳት ደጋግመው ጠየቁኝ። የመጨረሻው ጥያቄ ግሩም ነው፤ ቦሌ ላይ የተሰደብኩበት መልስ እዚያ ነፃ አወጣኝ። ፓስፖርቴን መልሰው «ሂድ» አሉኝ። ልጅቷ ወደ ውስጥ ስትገባ ጀርባዋን ነው ያየሁት። ካርቶኗ ውስጥ ምን እንደነበረ፣ ልጅቷም ምን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቅሁም። «የእህቴ ልጅ» የተባለችውን በር ላይ ፈልጌ ነበር። ካርቶን የሚጠብቅ ሰው አላየሁም።

ይህን ስናገር «በርበሬ ቢሆንስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን። በርበሬ ከሆነ ልጅቷ በማግሥቱ ተለቃ ይሆናል፤ ደስ ይለኛል። ግን እምቢ የማለት መብቴ ካርቶኑ ውስጥ ባለው ነገር የሚወሰን አይደለም። ሻንጣው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የእኔን ስም ነው የሚይዘው፤ የሴትዮዋን አይደለም። ትኬት ክፍሉ ጋ «ሻንጣህን ራስህ ነህ ያዘጋጀኸው?» ተብሎ የሚጠየቀውም ለወግ አይደለም፤ «አዎ» ያለ ሰው ውስጥ ያለውን ሁሉ የእኔ ነው ብሏል።

በ2011 ዓ.ም. አንዲት ወጣት የአዲስ አበባ መሐንዲስ ቻይና ስትገባ ሻምፑ መያዣ ውስጥ ተደብቆ ኪሎዎች የሚመዝን ኮኬይን ተገኘባት። ቤተሰቦቿ እንደተናገሩት ዕቃውን «አድርሽልኝ» ብላ የሰጠቻት ጓደኛዋ ናት። አገር ታመሰ። ፊርማ ተሰበሰበ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ተጠየቀ፣ ፎቶዋ በየስልካችን ዞረ፤ አለቀስንላትም። ያ ሁሉ ለቅሶ መልካም ነው። ግን እንዲያ ስናለቅስ ከነበርነው መካከል ስንቶቻችን ነን በዚያው ሳምንት «ይቺን ብቻ ያዥልኝ» ያልነው? ሻምፑ እኮ ነው! ሻምፑ የሌለበት አገር አለ? ለጓንግዡ ሰው ከአዲስ አበባ ሻምፑ ሲላክ ይህን ጥያቄ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት ቢኖር ኖሮ ለፊርማው ባልተፈለግን ነበር። የሚጠይቅ ሰው ግን «ተጠራጣሪ» ይባላል፣ «ክፉ» ይባላል፣ «ፈረንጅ ሆነ» ይባላል።

በቻይና የወንጀል ሕግ አንቀጽ 347 መሠረት አደንዛዥ ዕፅ ያስገባ ሰው መጠኑ ምንም ያህል ቢሆን ይከሰሳል። ሄሮይን ወይም ሜታምፌታሚን ከሆነና 50 ግራም ከደረሰ ቅጣቱ ከ15 ዓመት ተነስቶ እስከ ዕድሜ ልክና እስከ ሞት ይሄዳል። ሃምሳ ግራም ማለት ለአንድ ወጥ የሚሆን በርበሬ ነው። የእንግሊዙን ዜጋ አክማል ሼክን ኡሩምቺ ላይ በሻንጣው ውስጥ 4 ኪሎ ሄሮይን ይዞ ያዙት። ቤተሰቡ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው፣ ዘፋኝ እናደርግሃለን ብለው አታለሉት ብለው ጮኹ፤ መንግሥቱም ለመነለት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2009 ተገደለ። አንዲት አውስትራሊያዊትም እ.ኤ.አ. በ2004 ባሊ ለእረፍት ስትገባ የባሕር መጫወቻ ሰሌዳዋ ቦርሳ ውስጥ 4 ኪሎ ያህል ካናቢስ ተገኘ። እኔ አላስገባሁትም ብላ እስከ መጨረሻው ተከራከረች፤ ፍርድ ቤቱ 20 ዓመት ፈረደባት። የምለው ይህ ነው፦ ታላላቆቹ መንግሥታት «አላወቀም» ብለው ያላስፈቱትን ሰው የእኛ ኤምባሲ በደብዳቤ ያስፈታዋል ብሎ መተማመን የዋህነት ነው።

ይኸው አንቀጽ እኛም ጋ አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወርን ይቀጣል። ነገር ግን እኛ በጫት ተሸውደናል። ጫት እዚህ በሕግ ይሸጣል፣ ግብር ይከፈልበታል፣ የውጭ ምንዛሪ ያስገባል። ስለዚህ አንድ ጎበዝ የደረቀ ጫት «ሻይ ቅጠል» ብሎ ሲሰጠን፣ ብናውቅበትም እንኳ «ይሄ ደግሞ ምን ወንጀል አለው?» እንላለን። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2013፣ እንግሊዝ በ2014 ከለከሉት። አሜሪካ ውስጥ በውስጡ ያለው ካቲኖን ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተጻፈ ነው። ዱባይም ክልክል ነው። እንዲያውም ዱባይ ለእናት ወገብ ተብሎ የሚላክ ትራማዶል እንኳ ያለ ፈቃድ ሲገባ ጣጣ አለው። መርካቶ ላይ ሕጋዊ የሆነ ሁሉ በዓለም ላይ ሕጋዊ አይደለም፤ ይህን የሚያውቀው ደግሞ ላኪው ነው። የሚያውቅ ባይሆን ራሱ ይዞት በሄደ!

አውቃለሁ፣ ይህን የሚያነብ አንዳንድ ሰው ልቡ ይሻክራል። ቤይሩት ለሰው ቤት ሠርታ የምታድር ልጅ የእናቷን ሽሮ በምን ታገኛለች? ይህን ለሚለኝ ሰው ክብር አለኝ። የዕቃ መላኪያው ውድ ነው፤ ፖስታ ቤቱም ይዘገያል። ብዙው ካርቶን በእውነት ሽሮ ነው፤ ብዙው «አደራ» በእውነት አደራ ነው። አታላዩ የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። ሁላችንም ውሸታሞች ብንሆን ኖሮ ማንም ለማንም ዕቃ አይዝም ነበር፤ እሱም ሥራ ይፈታል። የሚነግደው በእናቶቹ እውነት ነው። በዚያ በር ላይ «ሐበሻ ለሐበሻ» እያለ የሚያሳፍረው ሰልፈኛ ደግሞ ሳይከፈለው የሚያገለግለው ደላላ ነው። አታላዩ አፉን መክፈት እንኳ አላስፈለገውም፤ ይሉኝታችን ጨረሰለት።

ለደላላ ደግሞ ቢያንስ ኮሚሽን ይደርሰዋል። ሰልፈኛው የሚያተርፈው ምንድን ነው? ለራሱ አንድ ኪሎ ሳይሸከም ደግ መሆን። በሰው ትከሻ የሚደረግ ደግነት እንዴት እንደሚጣፍጥ!

«የምታውቀውን ሰው ዕቃ ያዝ፣ የማታውቀውን ተው» የሚለውን ምክርም አልቀበለውም። መሐንዲሷን አስታውሱ፤ የተሰጣት ከጓደኛዋ እጅ ነው። ደግሞ ጓደኛህም ከሌላ ጓደኛ ተቀብሎ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ሳያውቅ። አደራው ሦስት እጅ ካለፈ በኋላ ማንን ልታምን ነው?

እኔ ያገኘሁት መላ ይህ ነው። ለሰው ማድረስ አልጠላም፤ ግን የምይዘውን ራሴ እገዛዋለሁ። ገንዘቡን ስጡኝ፣ ገርጂ ገበያ ሄጄ ሽሮውን አስመዝናለሁ፣ በራሴ እጅ አሽገዋለሁ። መድኃኒት ከሆነ የሐኪሙ ወረቀት ይኑረው፤ ከሌለው አልይዝም። ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደ ውጭ ስወጣ ለጎረቤቴ ለእትዬ እንዲሁ አልኳቸው። ልጃቸው እዚያው ከተማ ነው የሚኖረው። ብሩን ሳይወዱ ሰጡኝ፤ በርበሬውን ገዝቼ አደረስኩለት፤ ልጁም ደስ አለው። እትዬ ግን ከተመለስኩ ጀምሮ በበሬ ሲያልፉ ሰላምታቸው አጥሯል። ለባለቤቴ «እኔ በእጄ ቀምሜ፣ አጥቤ፣ አድርቄ ያስፈጨሁት እያለ ልጄን የገበያ በርበሬ አበላብኝ» ብለው ነግረዋታል። እውነታቸውን ነው፤ የሳቸው በርበሬ ይበልጣል፣ እኔም ቀምሼዋለሁ። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ልከውልን ነበር፤ ዘንድሮ አልላኩም።