የሜዳው ጉድጓድ ስለ ዳገቱ አይመሰክርም

የአፈር እርጥበትን ለመከታተል «ወካይ ቦታ» የሚባለው፣ በአንድ ነጥብ የተለካው ውጤት የሰፊውን አካባቢ ሁኔታ ያሳያል ተብሎ የሚመረጠው መሬት ነው፤ ምንን እንደሚወክል ግን እምብዛም አይጠየቅም። በተግባር ምርጫው የሚያርፈው መኪና በሚደርስበት፣ መሰርሰሪያው ድንጋይ ሳይመታ በሚገባበትና ለመሣሪያው ጠባቂ በሚገኝበት ሜዳ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎችም ቢሆኑ በአብዛኛው ዋና መንገድ ተከትለው በከተሞች የተተከሉ ናቸውና ልማዱ አዲስ አይደለም። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ዞን ደጋ ግን ጉዳቱ ይከፋል፤ ከመዝገብ ውጭ የሚቀረው ዳገት ድርቅ ቀድሞ የሚገባበት ነውና።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ የተከዜ ሸለቆ በዞኑ ዳርቻ ከ1,200 ሜትር በታች ይወርዳል፤ ከዚህ ይልቅ አሳሳቹ የአንድ ማሳ የውስጥ ልዩነት ነው። ደለል ያረፈበት ጥልቅ ዋልካ ውኃን ለሳምንታት ሲይዝ፣ ዐለት የቀረበው ጭንጫ በቀናት ይደርቃል። በድንጋይ እርከን በተከፈለ ማሳም ከእርከኑ በላይ የተከማቸው አፈር ወፍራምና እርጥብ፣ ከእርከኑ ሥር ያለው ደግሞ የተሸረሸረና ስስ ስለሚሆን፣ ለኪው ጥቂት እርምጃ በመራመዱ ብቻ ሌላ ውጤት ያገኛል። ናሙናውን በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት አድርቆ የክብደቱን ልዩነት የሚያሰላው መደበኛ ዘዴም ከዚህ አያድንም፤ ድንጋዩ ተለቅሞ ተጥሎ የደቃቁ አፈር ውጤት ለመላው መሬት ከተሰጠ፣ ግማሽ ይዘቱ ድንጋይ የሆነ ማሳ በወረቀት ላይ እጥፍ ውኃ ያለው ይመስላል።

ወደ ደቡብ የዞረ ተዳፋት ሁልጊዜ ይደርቃል የሚለው ደንብም ከሩቅ ሰሜን አገሮች የተቀዳ ነው። ሰቆጣ በ12.6 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ስለዚህ ደንቡ በዘር ወቅት ተገልብጦ፣ ዝናቡ ሲያበቃ መልሶ ይሠራል።

ሳተላይትም መፍትሔ ተደርጎ ይቀርባል፤ ነገር ግን በ2015 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው የአሜሪካ ስማፕ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን መሬት በአንድ ቁጥር ታጠቃልላለች፣ የምታየውም የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የማሽላ ሥር ግን ከዚያ እጅግ በታች ይወርዳል።

ከሁሉ የተሻለው ፈረንሳዊው ተመራማሪ ቫሾና ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የጊዜ ጽናት ሐሳብ ነው፤ ይኸውም እርጥቡ ነጥብ እርጥብ፣ ደረቁም ደረቅ ሆኖ ደረጃውን ስለሚጠብቅ፣ ዘወትር ከአማካዩ የማይርቅ ነጥብ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል የሚል ነው። ነጥቡን ለማግኘት ግን አስቀድሞ በብዙ ቦታ በተለያየ ወቅት መለካት ግድ ሲሆን፣ ይህን ድካም ዘልሎ ስሙን ብቻ መዋስ ቀላል ሆኗል። በነሐሴ ውኃው በተዳፋቱ ውስጥ ወደ ታች ስለሚሰርግ ደረጃውን የመሬቱ አቀማመጥ ይወስናል፤ ዝናቡ በመስከረም ሲቆም ደግሞ የአፈሩ ጥልቀትና ዓይነት ይወስነዋል፤ ስለዚህ በነሐሴ የታመነው ነጥብ ማሽላው ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ሊከዳ ይችላል። አማካዩ ራሱ በዋልካና በጭንጫ መካከል የሚወድቅ፣ ምናልባትም ማንም የማያርሰው መሬት ነው።

መሣሪያ ውድ ነው የሚለው መከራከሪያ እውነት አለው፤ ሆኖም እጥረቱ የሚያስገድደው ጥያቄውን አስቀድሞ ለይቶ መናገርን ነው። ጥናቱ ለመስኖ ከሆነ የሜዳው ዋልካ ተገቢ ቦታ ነው። ለድርቅ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ከሆነ ግን ያለው አንድ መሣሪያ፣ ሰብሉ ቀድሞ የሚጠወልግበት ስፍራ ከገበሬዎች ተጠይቆ እዚያው ዳገት ላይ መተከል አለበት፤ ውጤቱም የወረዳው አማካይ ሳይሆን የደረቁ ጫፍ ተብሎ ይመዝገብ።