«ደንበኛ» ማለት ማን ነው?

ዘወልቂጤ

ኢትዮ ቴሌኮም የ2017 በጀት ዓመት ክንውኑን ካሳወቀ ወዲህ 83.2 ሚሊዮን የምትለዋ ቁጥር ከጆሮዬ አልወጣችም። የ162 ቢሊዮን ብሩን ገቢ በ300 ብር አክሲዮን ለገዙት ልተውላቸው። እኔን የያዘችኝ ከቁጥሯ ኋላ የምትከተለው ቃል ናት፤ «ደንበኛ»።

ነጋዴ ቤት ያደገ የጉራጌ ልጅ ደንበኛ ምን እንደሆነ ያውቃል። ዱቤ ትሰጠዋለህ፣ ሁለት ሳምንት ሲጠፋብህ «ምን አግኝቶት ይሆን?» ትላለህ። በሪፖርት አማርኛ ግን ደንበኛ ሲም ካርድ ነው። ወልቂጤ መናኸሪያ ያለ ባለሚኒባስ አንድ ሲም ለጥሪ፣ አንድ ለቴሌብር ከያዘ ሁለት ደንበኛ ሆነ ማለት ነው። ሦስተኛ ሲም ካለው ደግሞ ተፎካካሪው ሳፋሪኮም በበኩሉ ይቆጥረዋል። ሰውየው ግን ምሳውን አንዴ ነው የሚበላው።

እስቲ እናስላው። ሕዝባችን 130 ሚሊዮን ገደማ ነው ይባላል፤ ግማሽ ያህሉ ሃያ ዓመት አልሞላውም። ሃያን የተሻገረ ሁሉ፣ ጉመር ደጋ ላይ እንሰት የምትፍቀው እናት ሳትቀር፣ አንዳንድ ሲም ቢይዝ 65 ሚሊዮን ላይ እንቆማለን። የቀሩት 18 ሚሊዮን እነማን ናቸው? ታዳጊዎች አሉበት፣ እሺ። መሥሪያ ቤቶችም አሉበት። ግን ይህ ስሌት እንዲሠራ መብራት ያልደረሰው ቀበሌ ሁሉ አስቀድሞ ባለስልክ መሆን አለበት።

በልጅነቴ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ቡታጅራ አክስቴ ቤት ቡፌው ላይ ዳንቴል የለበሰ ጥቁር ስልክ ነበረ። መደወያው ላይ ትንሽ ቁልፍ ተንጠልጥላለች፤ መክፈቻዋ ከአክስቴ ነጠላ ጫፍ ተቋጥራ አትለይም። መርካቶ ያለ የጎረቤት ልጅ ሲደውል እኛ ሕፃናቱ አጥር ዘልለን እናቱን እንጠራለን። ሽቦው አንድ፣ ሰሚው ሰፈር። ያ ሁሉ ሰፈር በዛሬው አቆጣጠር አንድ ደንበኛ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ቤት አንድ መስመር ብትዘረጋ ሪፖርትህ ላይ አንድ ይጨመራል፤ ለዚያው ቤት ስድስት ሲም ብትሸጥ ስድስት። ታዲያ ማን ምሰሶ ይተክላል? በ2001 ዓ.ም. አካባቢ የመደበኛ ስልክ መስመር በመላ አገሪቱ 900 ሺህ ገደማ ነበር። በ2015 ማብቂያም ሚሊዮን አልሞላም። በዚህ መሃል ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ስንት ተማሪ አስመርቋል።

«ሞባይል እያለ የሽቦ ስልክ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ለወሬ ከሆነ ምንም። የቤት ዋይፋይ ግን በብዛት የሚፈልገው ያንኑ መስመር ነው፤ መዳቡን ወይም ፋይበሩን። መስመር ደግሞ ከማከፋፈያው ሳጥን ይመጣል፣ ሳጥኑም የተቆጠረ ቀዳዳ ነው ያለው። ሲሞላ «ፖርት የለም» ይባላል። ከአጥሩ ወዲያ ያለው አለው፣ ከአጥሩ ወዲህ ያለው ጎረቤቱ ቤት ለቅቆ እስኪሄድ ይጠብቃል።

ታዲያ ራሳችን አዋጥተን አንዘረጋውም? በ1950ዎቹ መንገድ ቢጠፋ አዲስ አበባ ያለው ጉራጌ ገንዘብ አዋጥቶ ወደ አገሩ መንገድ አስወጣ። ሽቦን ግን እንዲህ ማዋጣት አልተቻለም፤ ለብዙ ዘመን በሕግ የአንድ ድርጅት ነበር። በሩን የከፈተው አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። ሳፋሪኮም በዚያ በር ገብቶ ማማውን ተከለ፣ ሲሙን ሸጠ። ሽቦ ይዞ የሚመጣ ሦስተኛ እንግዳ ይኖር ይሆን? እንጃ።

ባለፈው መስቀል አክስቴን «የድሮውን የስልክ መስመር ብናስቀጥልልሽስ?» ብላት፣ «አንተ ልጅ፣ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። ከቀሚሷ ኪስ ሁለት ሲም የገባበት ቀፎ አወጣች፤ መርካቶ ያለው ልጇ ነው የገዛላት። በሪፖርቱ እሷም ሁለት ደንበኛ ናት። እኔ ታዲያ ለማን ነው የምሟገተው?