የመርካቶ የተዘጋ ሱቅ ፎቶ ምን ይነግረናል?

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ምሽት ሸማ ተራ ሲቃጠል ብዙዎቻችን እሳቱን ያየነው በስልካችን ነው። ኅዳር ላይ ደግሞ ከደረሰኝ ቁጥጥር ጋር በተያያዘ የመርካቶ ሱቆች ተዘግተው ሲውሉ የተዘጋ በር ፎቶ መነጋገሪያ ሆነ።

እስኪ ሁለቱን እናስተያያቸው። እሳት ራሱ ይናገራል። የተዘጋ በር ግን አይናገርም። መርካቶ እሁድ እሁድ ብዙ ሱቅ ዝግ ነው፣ በበዓል ቀንም እንደዚያው። እሁድ የተነሳን ፎቶ «ነጋዴው ሥራ አቆመ» ብሎ መለጠፍ ይቻላል። ፎቶው አልተነካካም፣ ወሬው ግን ውሸት ነው።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ወሬ የሰማ ነጋዴ ለጥንቃቄ ብሎ ሱቁን ሊዘጋ ይችላል። ከክፍለ ሀገር ዕቃ ሊጭን የተነሳው መንገዱን ይሰርዛል። ተሸካሚው የዕለት እንጀራውን ያጣል። የሐሰት ፎቶ እውነተኛ ዝግ ሱቅ ይፈጥራል ማለት ነው።

የዜና ፎቶ አንሺ ሥራ እዚህ ጋ ነው የሚለየው። ካሜራው ውድ ስለሆነ አይደለም። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን የሚለውን ጠይቆ ከፎቶው ጋር ይልካል። ከዚያ የፎቶ አርታኢ ያየዋል፣ ይጠይቃል፣ ያልተጣራውን ይጥላል። የአሶሼትድ ፕሬሱ ሙሉጌታ አየነ በ2011 የተከሰከሰው አውሮፕላን ቦታ ላይ በሐዘን አፈር ፊቷ ላይ የምትበትን ሴት አንስቶ፣ ፎቶው በፈረንጆቹ 2020 ለወርልድ ፕሬስ ፎቶ የዓመቱ ምርጥ ፎቶ ታጭቶ ነበር። ሴትዮዋ የሟች ዘመድ መሆኗን፣ ቦታው የት እንደሆነ ባናውቅ ኖሮ ያን ያህል ባልገባን ነበር።

እኛ ስልክ የያዝን ሰዎች ግን አርታኢ የለንም። አንሺውም፣ አጣሪውም፣ ለጣፊውም አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ሦስቱንም ሥራ መልመድ አለብን።

👉 መጀመሪያ ሰፋ አድርጋችሁ አንሱ፣ አካባቢው ይታይ። ከዚያ ቀረብ በሉ። በጣት ከመሳብ በእግር መጠጋት ይሻላል። (መርካቶ ውስጥ ስልካችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ እንጂ 😄)

👉 ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ተራውን እዚያው ጻፉ። ዝግ በር ካያችሁ አጠገቡ ያለውን ሰው «ለምን ተዘጋ?» በሉት።

👉 ዋናውን ፎቶ አታጥፉ። በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ይሁን፣ ያለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል።

👉 ሰውን አክብሩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ሕዝብን ለሚመለከት ወይም በአደባባይ ለተፈጸመ ጉዳይ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ስለዚህ የእሳቱን ፎቶ መለጠፍ ይቻላል። ንብረቱ ተቃጥሎበት የሚያለቅስ አባት ፊት ላይ ስልክ መደገን ግን ሕግ ቢፈቅድም ነውር ነው። «አታንሱኝ» ካለ ይብቃ።

ሼር ለሚያደርገውም ሥራ አለው። ፎቶው መቼና የት እንደተነሳ ካልተጻፈ፣ ለጣፊውን ጠይቁት። መልስ ከሌለው እናንተ ጋ ይቁም።

እናንተስ፣ ቀንና ቦታ የሌለው ፎቶ ሲደርሳችሁ ምን ታደርጋላችሁ?