ኃላፊዋ ዛሬ ትናገር ወይስ ከለላው ይቅደም?

ትናገር
(በባንክ ኃላፊነት ላይ የቆየች ጸሐፊ)

አንዲት የብድር ኮሚቴ አባል ለዋስትና የቀረበው ሕንፃ ግምቱ እጅግ የተጋነነ መሆኑን ታውቃለች እንበል። ፋይሉን ሌሊቱን አገላብጣዋለች። ሰብሳቢው ቸኩሏል፤ የተቀሩት አባላት አንገታቸውን በአዎንታ ነቅንቀዋል። እሷ ዝም ካለች ብድሩ ይጸድቃል። ነገ “የተበላሸ ብድር” ተብሎ ሲመዘገብ የሚባክነው እዚያ ክፍል ውስጥ ያልነበሩ አስቀማጮች ገንዘብ ነው።

እንዲህ ባሉ ስብሰባዎች ለዓመታት ተቀምጫለሁ። ጉዳዩን ከሁሉም በተሻለ አጥንተው የገቡ ሴቶች አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሲወጡ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ቡና ላይ ለጓደኛቸው አንድ በአንድ ያብራሩታል፤ ማብራሪያው ደግሞ ልክ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሹመት የሚሰጠው የሚያውቁትን ውሳኔው በሚሰጥበት ቦታ ለመናገር ነው።

ምክንያቱ አይጠፋኝም። “ዝም አይነቅዝም” እየተባልን አድገናል። ወንድ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ቆራጥ ይባላል፤ ሴት ስትሆን ምላሷ ረዘመ ይባላል። በቢሮ ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ዘንድሮ በብድሩ ላይ ዝም ያለች ኃላፊ ለከርሞ በሠራተኛ ዕድገት ላይ ዝም ትላለች። በሦስተኛው ዓመት ሐሳቧን የሚጠይቃት ሰው አይኖርም፤ ስሟ በተሰብሳቢዎች ዝርዝር ላይ ብቻ ይቀራል።

ከለላ እስኪመጣ እንጠብቅ ለሚሉ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አስታውሳለሁ። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና የሙያ አጋሮቻቸው ማኅበሩን ሲመሠርቱ ተናገሩ ብሎ የጋበዛቸው አልነበረም። በ14 ዓመቷ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችውን የአበራሽ በቀለን ጉዳይ ይዘው ፍርድ ቤት ሲቆሙ ጠለፋ በብዙ ቦታ እንደ ወግ የሚታይ ነገር ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር፤ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳርም ይፈቅድ ነበር። እነሱ ተናገሩ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 አደረገ፣ ባልና ሚስትንም እኩል አቆመ። ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ንግግሩ ቀደመ፤ ሕጉም ሹመቱም ተከተሉ።

ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በዳኝነት ዘመናቸው የታሰሩት ፖለቲከኛ አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲፈቱ ያዘዙት መንግሥት ምን እንደሚፈልግ አገር እያወቀ ነው። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። ሆኖም ትእዛዙ ተሰጥቷል፤ ከአገሪቱ የፍርድ ቤት ታሪክ ማንም ሊያወጣው አይችልም።

ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ላይ ከ20 የካቢኔ አባላት 10ሩ ሴቶች ሆነው ሲሾሙ ብዙዎቻችን በደስታ አልቅሰናል። ወንበር መያዝ ግን ገና ጅምር ነው። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሠራተኛው የሚበዛው ሴት ነው። የማታ ፈረቃ ያለቀላት ልጅ በጨለማ ወደ ተከራየችው ክፍል ስትሄድ የሚገጥማትን በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ማን ያንሣው? በኃላፊነት የተቀመጠች ሴት ካላነሣችው አጀንዳ ሳይሆን ይቀራል።

ከለላው ይቅደም
(የሥራ ክርክር የምትይዝ ጠበቃ)

ባልደረባዬ የጠራቻቸውን ሴቶች እኔም አከብራለሁ። ታሪካቸውን የማነበው ግን ከሌላ ወገን ነው። ብርቱካን ዳኛ ነበሩ፤ ነፃነታቸውን ሕገ መንግሥቱ በግልጽ ይጠብቅላቸው ነበር። የዳኛ ትእዛዝ እንዲያ ከተጣሰ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፋይናንስ ኃላፊ ምን ትተማመናለች? የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ቢሆን ፍትሕ ሚኒስቴርን በመተቸቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ታግዶ ነበር። እገዳው ቆይቶ ተነሣ፤ ማኅበሩ ግን ብዙ አባላትና ደጋፊዎች ነበሩት። ብቻዋን የተናገረች ኃላፊ ብትታገድ ማን ይጮህላታል?

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስተውለው ነገር ልምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 3 የሥራ መሪዎችን ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ ያደርጋል። የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ሥልጣን የተሰጣት ሴት በዚህ አዋጅ “ሠራተኛ” ሆና አትጠበቅም፤ ጉዳይዋ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይታያል። የቢሮዋ ጸሐፊ ያለ አግባብ ብትባረር አዋጁን ይዛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብላ መክሰስ ትችላለች። አለቃዋ አትችልም። ሴትን ከፍ አድርገን ስንሾማት ከእግሯ ሥር መረቡን እናነሣለን፤ ቀጥለን ደግሞ “ዝለዪ” እንላታለን።

ይኸው አዋጅ በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ከተነኮሳት ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ እንደምትችልም ይደነግጋል። መብት ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ተመልከቱ፤ ከቢሮው የምትወጣው ተበዳይዋ ናት። የሥራ መሪ ከሆነች ይህም የላትም።

ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ኃላፊዎች አብዛኞቹ አልተባረሩም። “አማካሪ” ተደርገዋል። ቢሯቸው ተቀይሯል፣ መኪናው ተወስዷል፣ ወደ ማኔጅመንት ስብሰባ መጠራት ቀርቷል። የሥራ አፈጻጸም ምዘናቸው ላይ “ተግባብቶ የመሥራት ችግር ይታይባታል” ተብሎ ተጽፏል። ማስረጃ ስጠይቅ የለም። ቃለ ጉባኤው ሁሉ “በሙሉ ድምፅ ተወሰነ” ነው የሚለው። ተናግረዋል፤ የተናገሩት ግን የትም አልሰፈረም። ከእነዚህ ሴቶች መካከል ድፍረት የጎደላት አላየሁም።

መሥሪያ ቤቶቻችን በየዓመቱ ማርች 8 ሲደርስ ለሴቶች አበባ ያድላሉ፣ ሆቴል ተከራይተው “በራስ መተማመን” ያሠለጥናሉ። ሰብሳቢው ግን ሴት ስትናገር እንዳያቋርጥ የሚያሠለጥነው የለም። እሷ ያቀረበችው ሐሳብ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከወንድ አፍ ሲወጣ “ጥሩ ሐሳብ” የሚባልበትን ልማድ ማንም አይመዝነውም። ሸክሙ ሁሉ ወደ እሷ ይገፋል፤ ካልተናገረች ፈሪ፣ ከተናገረች አስቸጋሪ።

ስለዚህ የምጠይቀው የሕግ ማሻሻያ ነው። የሥራ መሪዎች ሐሳባቸውን ወይም አቤቱታቸውን በማቅረባቸው ከሚደርስባቸው በቀል የሚጠበቁበት ድንጋጌ ይውጣ። የኃላፊዎች አቤቱታ ለቅርብ አለቃቸው መቅረቡ ይቅርና በቀጥታ ለቦርድ ይቅረብ። የልዩነት ሐሳብን በቃለ ጉባኤ ማስፈር በሰብሳቢው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ከመሆን ወጥቶ ግዴታ ይሁን። እስከዚያ ድረስ ልጅ የምታሳድግ፣ የቤት ኪራይ የምትከፍል ሴት መጥታ ብትጠይቀኝ “ተናገሪ” ብዬ አልመክራትም።

የመጀመሪያዋ ጸሐፊ መልስ

ስለ አንቀጽ 3 የተጻፈውን አልሞግትም፤ ይህ ክፍተት መዘጋት አለበት። ግን ይህን ማሻሻያ ማን ይጠይቅ? የቢሮ ጸሐፊዋ ልትጠይቅ አትችልም፤ ክፍተቱ አልነካትም። የሚነካቸው ዛሬ ዝም በሉ የተባሉት ኃላፊዎች ናቸው። እነሱ ካልተናገሩ የሕግ አርቃቂው ጠረጴዛ ላይ የሚደርስ ጥያቄ የለም፤ ከለላውም በምኞት ይቀራል። ጠበቃዋ ማስረጃ አጣሁ ያለችውም ቢሆን የሚገኘው አንዲት ሴት በስብሰባው መካከል እጇን አንሥታ “ይመዝገብልኝ” ስትል ነው።

በኃላፊነት ላይ ያላችሁ እኅቶቼ፣ የማትስማሙበት ውሳኔ ሲተላለፍ የልዩነት ሐሳባችሁ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ጠይቁ። አናሰፍርም ካሉ በዚያው ቀን በደብዳቤ ጻፉና ቅጂውን ያዙ። ያላችሁት ያልተጻፈበትን ቃለ ጉባኤም አትፈርሙ።