የፎስፌት ድንጋይና የእርሻ መሬት

ለሰው ኑሮ ከሚያስፈልጉት ነገሮች የሚበዙት አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይተካሉ። መዳብ ቢወደድ በብዙ ሥራ ላይ አሉሚኒየም ይተካዋል፤ ፎስፈረስ የተባለው ንጥረ ነገር ግን ምትክ የለውም። ስንዴም ሆነ ጤፍ ያለ እርሱ ሥር አይሰድም፤ ፍሬም አይቋጥርም። ለማዳበሪያ የሚሆነውም የሚገኘው ከምድር ተቆፍሮ ከሚወጣ የፎስፌት ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ደግሞ እንደ እህል ተዘርቶ የሚበቅል አይደለምና፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2014 በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጅግ አስፈላጊ ከሚባሉት ጥሬ ዕቃዎች መዝገብ አስገባው።

አላቂ ሀብት እንዴት እንደማይያዝ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የናውሩን ነገር ይመልከት። ናውሩ በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች፤ ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ ደሴት ናት። ከሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ባዕዳን ፎስፌቷን በርካሽ እየቆፈሩ ወሰዱት። በ1968 ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ቁፋሮው በራሷ እጅ ገባ፤ ሕዝቧም ጥቂት ስለ ሆነ ለጊዜው በዓለም ከታወቁት ባለጠጎች ተቈጠረ። ከሽያጩ የተወሰነው ገንዘብ ለልጅ ልጅ እንዲሆን በአደራ ሣጥን ተቀመጠ። ዳሩ ግን አደራው በሜልቦርን ከተማ ባለ 52 ፎቅ ሕንጻ ተሠራበት፤ በ1993ም በለንደን ብዙ ሳይቈይ ለተዘጋ አንድ የሙዚቃ ቴአትር ወጪ ሆነ። ሕንጻውም በ2004 ተሸጠ። ዛሬ ከደሴቲቱ ከአምስት እጅ አራቱ የተሾለ ድንጋይ የበዛበት ምድረ በዳ ነው። ናውሩ በ1989 አውስትራልያን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከስሳ በ1993 በስምምነት 107 ሚሊዮን የአውስትራልያ ዶላር ተወሰነላት፤ ነገር ግን ገንዘብ አፈርን አይመልስም።

የናውሩ ጥፋት ድንጋዩን መሸጧ አይደለም፤ ዋናውን ሀብት እንደ ዓመት ገቢ ቈጥራ መብላቷ ነው።

እንዲህ ሲባል፤ ፎስፌት በዓለም ገና ብዙ አለ፤ ከታወቀው ክምችትም ወደ ሰባ በመቶ የሚሆነው በሞሮኮና በምዕራብ ሰሐራ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን በሌላ ሰው ጎተራ ያለ እህል የባለቤቱን ፈቃድ ይጠብቃል። በ2008 የፎስፌት ድንጋይ ዋጋ ባንድ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ከስድስት እጥፍ በላይ ወጣ፤ በ2021 ደግሞ ቻይና በፎስፌት ማዳበሪያ ሽያጭ ላይ ገደብ አደረገች። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በዳንጎቴ ኩባንያ መካከል በጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካ እንዲሠራ የተፈረመው ውል የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም ከጋዝ የሚሠራው ዩርያ ናይትሮጅን እንጂ ፎስፈረስ የለውም። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያስብ ሹም ካለ ሂሳቡን ደግሞ ይመርምር።

እንግዲህ ከውጭ የሚመጣው ሳይበቃ፤ በእጅ ያለው እንዴት ይጠፋል? የከብት ፍግ ወደ እርሻ መመለስ ሲገባው ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ሲነድድ ናይትሮጅኑ በጢስ ይሄዳል፤ ፎስፈረሱ ግን ከአመዱ ጋር ይቀራል፤ አመዱም በብዙ ቤት ከደጅ ይጣላል። ባላገርን ስለዚህ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ እንጨት ያጣች እናት ምን ታንድድ? የማገዶ ዛፍ፤ ማገዶ የሚቈጥብ ምድጃ፤ መብራት በደረሰበት ቀበሌም የኤሌክትሪክ ምጣድ ሳያቀርቡ ኩበት አታንድዱ ማለት ከንቱ ትእዛዝ ነው። አመዱን በማሳ ላይ መበተን ግን ዛሬውኑ ያለ ወጪ የሚቻል ነው።

ከዚህ የሚከፋው በጎርፍ የሚሄደው ነው። ፎስፈረስ ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር፤ ዓባይ በክረምት ደፍርሶ ሲወርድ የብዙ ዓመት ማዳበሪያ ይዞ ይወርዳል። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር በየደብሩ ቅጥር ያለው ጥንታዊ ዛፍ አፈርን እንዴት እንደሚይዝ ካህናቱ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ፤ ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ተዳፋት ለማልበስ ምክራቸው ቢጠየቅ መልካም ነበር።

በብዙ የደጋ ወረዳ ደግሞ አፈሩ ኮምጣጣ ስለ ሆነ የተጨመረውን ፎስፈረስ አስሮ ለተክሉ ይከለክለዋል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ የኖራ ድንጋይም በአገር ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የእርሻ ሹማምንት በውጭ ምንዛሬ የተገዛውን ማዳበሪያ በኮምጣጣ ማሳ ላይ ከማደላቸው በፊት አፈሩን ያስመርምሩ፤ ለሚያስፈልገውም ኖራው ዝናም ሳይጀምር በየቀበሌው እንዲደርስ መኪናና በጀት ይመድቡ።