የሕፃናት ጥርስ መበስበስና የገጠሩ ሱቅ

መንገድና ገበያ በገጠሩ በተስፋፋ ቁጥር ከጨውና ከሳሙና ጋር ስኳር፣ ከረሜላ፣ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥም አብረው እንደሚገቡ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በየቀበሌያቸው የሚያዩት ነው። ይህ የኑሮ መሻሻል ምልክት ሆኖ ቢቆጠርም፣ በሕፃናት ጥርስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ 514 ሚሊዮን ያህል ልጆች የወተት ጥርሳቸው በብስባሽ ተጎድቷል።

«ጥርሱን ትል በላው» ሲባል ይሰማል። ይሁን እንጂ ጥርስ የሚቦረቡር ትል የለም። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳር ባገኙ ቁጥር ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ይሸረሽራል። ምራቅ አሲዱን አጥቦ ሽፋኑን ለመጠገን ጊዜ ይፈልጋል። በመሆኑም ወሳኙ የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ጊዜ መቀመሱ ነው። ከሁሉም የከፋው ጣፋጭ ወተት ወይም ሻይ የያዘ ጡጦ ጎርሶ መተኛት ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ይቀንሳልና። ይህ ሲባል ግን የእናት ጡት ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ጡት ማጥባት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቀጥል ይገባል።

«የወተት ጥርስ ይወልቃልና ግድ የለም» የሚለውም አስተሳሰብ መታረም አለበት። የኋለኞቹ የወተት ጥርሶች ልጁ 10 ወይም 12 ዓመት እስኪሞላው ይቆያሉ። እነዚህ ከታመሙ ልጁ ምግብ፣ እንቅልፍና ትምህርት ይጎድልበታል። በላይኛው የፊት ጥርስ ላይ ከድዱ አጠገብ ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር ከታየ የበሽታው መነሻ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥርሱ ሳይቦረቦር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይበጃል።

መከላከያው ከአቅም በላይ አይደለም። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከዚያ በላይ ላለ የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ስለሆነም አንድ የጥርስ ሳሙና ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። መፋቂያ ጥርስን ቢያጸዳም ፍሎራይድን አይተካም።

«ሱቁ የሚሸጠው የተፈለገውን ነው» የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን ከረሜላውን ገዝቶ ለሕፃኑ የሚሰጠው አዋቂው ነው። ከዚህ አኳያ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የኅብረት ሥራ ሱቆቻቸው የጥርስ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ከስኳሩ ጎን እንዲያቀርቡ ማድረግ፣ በስብሰባም ላይ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የመናገሪያ ጊዜ መስጠት ይጠበቅባቸዋል። ለሱቁ ምን ዕቃ እንደሚመጣ የሚወስን ሁሉ በቀበሌው ሕፃናት ጤና ላይም እንደሚወስን ሊያስብበት ይገባል።