ርእሰ አንቀጽ፦ ቡድኑ ከማን ይውጣጣ?

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ለተማሪዎች በሚደረገው የሳይበር ደኅንነት ፖሊሲ ውድድር እንሳተፍ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ አከራክሯል። ከተናጋሪዎቹ የሚበዙት ነገሩ የኮምፒዩተር ክፍል ተማሪዎች ሥራ ነውና ለእነርሱ ይተው ብለዋል። እኛ በዚህ አንስማማም።

አስቀድሞ ውድድሩ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። በዋሽንግተን የሚገኘው አትላንቲክ ካውንስል የተባለው ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሲሆን «ሳይበር 9/12» ይባላል፤ ይኸውም በአሜሪካ መስከረም 11 ቀን 2001 ከደረሰው አደጋ በኋላ ያለችውን ማግሥት ለማመልከት ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጄኔቭም ይደረጋል። ተወዳዳሪዎቹ የማንንም ኮምፒዩተር ሰብረው አይገቡም። የሚሰጣቸው በልብ ወለድ የተዘጋጀ የጥቃት ወሬ ነው። ከአራት የማይበልጡ ጓደኞች ተማክረው ለመንግሥት ሹማምንት የሚሆን ምክር በጽሑፍ ያዘጋጃሉ፤ ከዚያም በዳኞች ፊት ቆመው 10 ደቂቃ ይናገራሉ፣ 10 ደቂቃ ይጠየቃሉ። ላለፉት ማታውኑ አዲስ ወሬ ይደርሳቸዋል፤ ትናንት የመከሩትም ምክር ጧት ላይ የማይረባ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለፍጻሜው የደረሱትማ ለማሰብ የሚያገኙት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን ነገር እንመልከት። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሾልኮ በየስልኩ ስለተሠራጨ ፈተናው ተሰርዞ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወዲህ ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው እየገቡ እንዲፈተኑ ሆነ፤ ከዚህ ጋዜጣ አንባቢዎችም ሻንጣውን ተሸክሞ በዚያ መንገድ ያለፈ ብዙ ነው። ሦስቱም ለአንድ ችግር የተሰጡ መልሶች ናቸው። ፈተናው ሲሰረዝ ያላጠፋው ተማሪ ከአጥፊው ጋር አብሮ ተንገላታ። መሥመሩ ሲዘጋ ፈተና የሌለበት ነጋዴና መንገደኛ ሥራው ተፈታበት። ተማሪውን ማጓጓዝ ደግሞ አውቶቡስ፣ ምግብና ዘበኛ ይጠይቃል። የቱ ይሻል እንደነበረ መሐንዲስ ብቻውን ሊነግረን አይችልም፤ ወጪውን የሚያሰላና የሰውን መብት የሚያውቅም ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአንድ ታላቅ ባንክ ሰው በሒሳቡ ከሌለው በላይ ገንዘብ ማውጣት የቻለበትን ሌሊት ያልሰማ ተማሪ የለም። በየግቢው ኤቲኤም ፊት የነበረው ሰልፍ እስከ ዛሬ ይወራል። ባንኩ በኋላ የውስጥ ብልሽት እንጂ ጥቃት አይደለም አለ። ነገር ግን በመጀመሪያይቱ ሰዓት ይህን በእርግጥ ማን ያውቅ ነበር? አገልግሎቱ በሙሉ ይቁም? ለሕዝቡ ምን ይነገር? ገንዘቡን የወሰደው ተማሪ ወንጀለኛ ይባል ወይስ ባለዕዳ? የውድድሩ ጥያቄዎች የዚህ ዓይነት ናቸው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል፤ ከመካከላችን ገልጦ ያነበባቸው ስንት ነው? በሕግ ክፍል እንኳ ቢቈጠር ብዙ የሚሆን አይመስለንም።

አውሮፕላን መሳፈሩን ብቻ የተመኘ እንዳለም እናውቃለን፤ ምኞቱ አያስወቅስም፤ ነገር ግን የቡድን መምረጫ ሊሆን አይገባም። እንግሊዝኛ አቀላጥፎ መናገርም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። አንድ የሀገራችን ሚኒስትር ነገ ምክር ቢጠይቀን የምንመልሰው በአማርኛ ነውና፣ ነገሩን በአማርኛ ማስረዳት ያቃተው በውጭ ቋንቋ ሲያብራራው ሐሳቡ ይጠራል ብለን አናምንም።

ስለዚህ ማኅበሩ ለጉዞ ገንዘብ ከማሰባሰቡ በፊት ውድድሩን በዚሁ ግቢ፣ በአማርኛ፣ በሁለት ቅዳሜ እንዲያደርገው እንጠይቃለን። እያንዳንዱ ቡድን ከሕግ፣ ከኢኮኖሚክስ፣ ከኮምፒዩተርና ከጋዜጠኝነት ክፍል አንድ አንድ ተማሪ ይኑረው። ወደ ውጭ የሚላክ ቢኖር ከዚያ ከተፈተኑት ይመረጥ። መምህሮቻችንም የጥቃቱን ወሬ በማዘጋጀትና በዳኝነት በመቀመጥ ይርዱን፤ ዳኞቹ ግን ከአንድ ክፍል ብቻ እንዳይሆኑ አደራ እንላለን። ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎች ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግቡ። ይህን ሐሳብ የሚቃወም ካለም ጽፎ ይላክልን፤ በሚቀጥለው እትም ሳንቈርጥ እናወጣዋለን።